በሁዳዴ የተጋገሩ ልቦች

ጥር 12 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ እሑድ

ትናንት ጃንሜዳ ስቆም የገባኝ ብርድ ዛሬ ጉንፋን ሆኖ ወጣ። አፍንጫዬ ተደፍኖ በርበሬና ዱቄት አንድ ሆነውብኛል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብዬ፣ ሹራቤን ትቼ በስስ ቀሚስ የወጣሁት እኔው ነኝ። በአርባ ስድስት ዓመቴ ማን እንዲያየኝ እንደሆነ እንጃ።

ይህን ደብተር የገዛሁት የኬክ ንድፍ ልሥልበት ነበር። ሥዕሉ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመ። በቀረው ገጽ ቀን ሙሉ ሳልናገረው የምውለውን ልጻፍበት ብያለሁ። ከምታመም ይሻላል።

ሥራው አንገት ላይ ደርሷል። ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀረው። ከገባ ማንም አያገባም፤ ስለዚህ የአራዳ ሙሽራ በሙሉ እኛ ኬክ ቤት በር ላይ ተሰልፏል። እምሩ ምድጃው ጋ፣ እኔ ማስጌጫው ጋ፣ በመካከላችን አንድ ጠረጴዛ። ከድሮዋ ግሪክ ባለቤታችን ከማዳም ካሊዮፒ ዘመን የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ! ባልና ሚስትም እንዲህ አይቆይም፤ ደግሞ እሱ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይወጣውም።

ጥር 15፣ ረቡዕ

አንድ ጉድ መጣ። ወይንሸት የምትባል፣ ከአንድ የፈረንጆች የእርዳታ ቢሮ የመጣች ጸሐፊ፣ መቶ ሃያ ብስኩት አዘዘች። በልብ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ሮዝ የስኳር ቅብ ተቀብቶ፣ በእያንዳንዱ ላይ ስም ተጽፎበት። ለየካቲት ሰባት።

አቶ ሸምሰዲን፣ ባለቤታችን፣ ከባንኮኒው ኋላ ሆነው የበግ ልብ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እሳቸው ቤቱን የገዙት ማዳም ከሄደች በኋላ ስለሆነ አያውቁም። ስኳር በሽታ አለባቸው፤ ከሚሸጡት ነገር አንዱንም አይቀምሱም። የእህታቸው ልጅ መይሙና፣ ገንዘብ ተቀባያችን፣ በሳቅ ሞተች።

እኔና እምሩ ተያየን። ያ ነገር ከስልሳ ስድስት ወዲህ በዚህ ቤት ስሙ ተነሥቶ አያውቅም። ጣሊያኖቹ ሳን ቫለንቲኖ ይሉት ነበር፤ የፍቅረኞች ቀን። በየዓመቱ ማዳም መስኮቱን በልብ ትሞላው ነበር፤ ግሪኩም አርመኑም ጣሊያኑም፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ የአራዳ ልጅም ሁሉ፣ እዚያ መስኮት ላይ ተለጥፎ የማንን ስም ከማን ጎን እንደጻፍኩ ያነብ ነበር።

እምሩ ዱቄቱን እያቦካ፣ «ቅርጽ ማውጫው ለቆራሌው ተሽጧል» አለ። ይህን ብቻ።

ጥር 17፣ ዓርብ

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው። ሦስት የሠርግ ኬክ ዛሬ። እምሩ ከእርዳታ ዘይት ጣሳ ቅርጽ ማውጫ ሊሠራ ሞከረ። የመጀመሪያው ድንች መሰለ። ሁለተኛው ያበጠ ድንች። ሦስተኛው ልብ ሆነ፤ ግን ግራ ጎኑ ትንሽ ይሰፋል። የሰው ልብም እንዲህ ነው አለኝ። አልሳቅሁለትም፤ ከሳቅሁለት ቀኑን ሙሉ ሲኮራ ይውላል።

ጣቱን ቆርጦታል። በነጠላዬ ጫፍ አሰርኩለት። ሌላ ጨርቅ በቅርብ ስላልነበረ ነው።

ጥር 20፣ ሰኞ

ዛሬ ነነዌ ገባ። ጠዋት ቦኖው ጋ ውኃ ስቀዳ ሁለት የሰፈራችን የእሪ በከንቱ ሴቶች ከኋላዬ ነበሩ። አንዷ፣ የእነዚያ እህት መሆኗ ነው፣ ሲመጡ አበባ ይዛ ትቀበላቸዋለች፣ አለች። እኔ እዚሁ ሰፈር ተወልጄ እዚሁ ጥርሴን የነቀልኩ ሴት፣ እናቴ ከአዲግራት ስለመጣች ብቻ በዚህ ጦርነት ከአማፅያኑ ወገን የምቀበለው ሰው ተገኘልኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ እንስራዬን ተሸክሜ ሄድኩ።

ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ የባግዳድን ጦርነት ያወራል። የራሳችንን ግን አያወራም።

ከሥራ ስንወጣ እምሩ እንደ ልማዱ እስከ ሰፈሬ መታጠፊያ ሊሸኘኝ ተነሣ። ከእንግዲህ አያስፈልግም አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ከእኔ ጋር መታየት ለማን ይበጃል? አለመጠየቁ ግን አናደደኝ።

ጥር 23፣ ሐሙስ

ይሄዳል።

የእምሩ ሴት ልጅ አዋሳ ነው ያገባችው። ባልዋ ዳቦ ቤት ከፍቷል። ጦርነቱ አዲስ አበባ ሳይደርስ ና ብላዋለች። የካቲት ዘጠኝ፣ ቅዳሜ፣ በአውቶቡስ። የልቦቹን ትእዛዝ ጨርሼ ነው የምሄደው አለ፤ ውለታ እንደሚውልልኝ ሁሉ።

ለአቶ ሸምሰዲን ሲነግራቸው ሰማሁ እንጂ ለእኔ አልነገረኝም። በኋላ መጥቶ፣ ሰምተሽ ይሆናል አለኝ። መልካም መንገድ አልኩት።

ምን አገባኝ። አዲስ ምድጃ ሠራተኛ ይቀጠራል።

ጥር 26፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ምሳ ሳልበላ ተቀመጥኩ። ሰሞኑን ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ከፊቴ አልሄድ ብሏል።

ማዳም ካሊዮፒ አማርኛ ስትናገር ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነበር የምትለው። «እምሩ፣ አንቺ ቶሎ ነይ፣ ምድጃ ታቃጥላለች!» እምሩ ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አፋር። አንቺ ስትለው ጆሮው ይቀላ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንቺ እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ስኳሩን ወቅጦ በነጭ ሻሽ ሦስት ጊዜ መንፋት ያስተማረችኝ እሷ ናት። የእንቁላሉን ነጭ ከሎሚ ጠብታ ጋር መትቶ፣ ማንኪያው ሲነሣ ጫፉ ቀጥ ብሎ እስኪቆም መጠበቅ። ወረቀቱን እንደ ቀንድ ጠቅልሎ ጫፉን በመቀስ በስሱ መቁረጥ። «ሲጽፉ አይተነፍሱም» ትለኝ ነበር። ሳን ቫለንቲኖ በጾም ሲውል እሷ ነበረች የምትቀምስልን፤ የግሪኮቹ ጾም ከእኛ ሳምንት ዘግይቶ ነው የሚገባው።

የዚያ ዓመት የካቲት ሰባት ማታ ሥራ ስንጨርስ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ልብ ሰጠችን። የፈለጋችሁትን ስም ጻፉ አለች። እምሩ የሱን ይዞ ወደ እኔ መጣ። እጄ ያበላሸዋል፣ አንቺ ጻፊልኝ አለ። ካገባ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። የሚስቱን ስም ጻፍኩለት። አሁንም ይታየኛል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለምንስ ይንቀጠቀጣል?

የራሴን ምንም ሳልጽፍበት እየሄድኩ በላሁት።

በአራተኛው ቀን ታክሲዎች አደሙ፣ ከተማው ተናወጠ፤ ከዚያ በኋላ ፒያሳ ያው አልሆነችም። ማዳም በስልሳ ስምንት በሁለት ሻንጣ ሄደች። መስኮቱ ላይ ፓስቲና ደረቅ ኬክ ተደረደረ። የቅዳሜ ማታው ሽርሽር፣ ከሸክላ ቤቱ የሚወጣው ሙዚቃ፣ ከሲኒማ ሲወጡ ለአንድ ኬክ ሁለት ሹካ የሚያዙት ጥንዶች፣ የት እንደገቡ አላውቅም። አሁን በዚያ መንገድ ሳልፍ ይበርደኛል።

የእምሩ ባለቤት ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ደግ ሰው ነበረች። ስታመም ሾርባ ትልክልኝ ነበር። ይህን ሁሉ ምን እንዳስጻፈኝ እንጃ። ጉንፋኑ ነው።

ጥር 30፣ ሐሙስ

መይሙና እናቷ ከቡታጅራ የላኩላትን ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ ሰጠችኝ፤ ለወንድሟ ሠርግ ኬክ ስለደከምኩ ነው። «እትዬ አክበረት፣ እምቢ ካሉኝ እናቴ ትቀየመኛለች» አለች። ተቀበልኩ። ግማሹን ለቅበላ ወጥ፣ ግማሹን ለፋሲካ ብዬ በኮረሪማ አነጠርኩት።

ሮዝ ቀለም በከተማው የለም። ከቀይ ሥር ጭማቂ አወጣሁ። ትንሽ ሲያድር ወደ ቡና ዓይነት ይሄዳል፤ ሎሚ ሲጨመርበት ይመለሳል።

እምሩ ከእኔ ጋር ቀይ ሥሩን ሲልጥ ቆየ። ስለ አዋሳ አላወራም። እኔም አልጠየቅሁም። የልቤን ሆዴ ይፍጀው።

የካቲት 3፣ እሑድ፣ ቅበላ

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሙሽሮች ዛሬ ገቡ። ከነገ ጀምሮ እንቁላልና ቅቤ ለኛ ሐራም ነው።

አቶ ሸምሰዲንና መይሙና ድንገት ቡታጅራ ሄዱ። አጎታቸው ሞተዋል፤ ሳምንት ይቀመጣሉ። ቁልፉን ለእምሩ ሰጡት። የብስኩቱ ዱቄትና ስኳር በልክ ነው ያለው፤ ስኳሩ የወሩ ድርሻችን ነው፣ ሌላ አይገኝም። ለብስኩቱ የተገዛው ለጋ ቅቤ በጣሳ ፍሪጅ ውስጥ አለ።

ለፋሲካ ያነጠርኩትም እቤት አምሳ አምስት ቀን አይቆይልኝም፤ ፍሪጅ የለኝም። በጣሳ አድርጌ ሱቅ አምጥቼ ከጎኑ አስቀመጥኩት።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

እጄን ይቁረጠው።

ትናንት ማታ ቁልፉን ከእምሩ ተቀብዬ ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ ሱቅ ገባሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር። በጨለማ ፍሪጁን ከፍቼ ጣሳውን አወጣሁ፤ ሁለቱም የእርዳታ ዘይት ጣሳዎች ናቸው፣ ወንድማማች። በሻማ ብርሃን ስኳሩን ሁሉ ከቅቤው ጋር መታሁ፣ እንቁላል፣ ዱቄት፣ አቦካሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣቴን ልሼ ነበር የማውቀው። በሁዳዴ ሁለተኛ ቀን ግን ማን ጣቱን ይልሳል? አፍንጫዬ ደግሞ ከጥምቀት ወዲህ የለም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። እምሩ በሠራው ልብ ቆረጥን፣ አስገባን። ሊያወጣ ምድጃውን ከፍቶ ወደ ትሪው ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «አክበረት» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ነገር ሠርግ ሠርግ ይሸታል።»

ፍሪጁን ከፈትኩ። ለጋው ቅቤ እንዳለ ተቀምጧል። የፋሲካ ቅቤዬን፣ ኮረሪማውን ሁሉ፣ መቶ ሃያ የፈረንጅ ልብ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ተቀመጥኩ። እንደገና እንዳንሠራ ስኳር የለም፤ የቀረው ለቅቡ የነፋሁት ብቻ ነው። እንዳንልክ፣ ይበላ አይበላ አናውቅም። ወጥ ወጥ የሚል ከሆነ ቤቱ ስሙ ይጠፋል፤ አቶ ሸምሰዲን ያመኑን እኛን ነው። የሚቀምስ ሰው ፈለግሁ። መይሙና የለችም። ጎረቤታችን ሰዓት ጠጋኙ አጽብሐ ከእኔ ይብሳል፤ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይነካም። ፊቴን በሽርጤ ሸፈንኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቆ የመጣውን ቀን በገዛ እጄ አበላሸሁት፤ እምሩ ከዚህ ቤት ይዞት የሚሄደው የመጨረሻ ነገር ይህ ሊሆን ነው አልኩ። ጮክ ብዬ ሳላስበው አልኩት።

እምሩ ከትርፎቹ አንዱን አነሣና ለሁለት ሰብሮ ጎረሰ።

እጽፈዋለሁ፣ አለዚያ በኋላ አላምነውም። ከዚህ ሰው ጋር አሥራ ስምንት ሁዳዴ አሳልፌያለሁ። አንድ ዓመት ሳንባው ታምሞ ሐኪም ወተት ሲያዝለት፣ ፋሲካ ሲደርስ እጠጣለሁ ብሎ የመለሰ ሰው ነው። እሱ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ባለሙያ አላመጠ። ዋጠ። ሌላውን ግማሽም ጨመረ።

«ይበላል» አለ። «ጣፋጭ ነው። ላኪው።»

ምን ማድረግህ ነው፣ ጾም ገደፍክ እኮ አልኩት። ጮኼበታለሁ መሰለኝ።

አፉን በፎጣው ጠረገ። «አንቺ እንዲህ ስትሆኚ ቆሜ ማየት አልቻልኩም» አለና ወደ ምድጃው ዞረ።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ስም ስጽፍ ዋልኩ። ማርጋሬት። ዮሐንስ። ፒተር። አሰለፈች። ወይንሸት በሰጠችኝ ወረቀት ላይ ፈረንጁም ሐበሻውም ተቀላቅሏል። ቅቡ ዛሬ እንደ ድሮው ቆመልኝ፤ ጫፉ ቀጥ ያለ፣ ሮዙ የጠዋት ሰማይ። እጄ አርጅቷል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላረጀም።

እምሩ እያንዳንዱን ትሪ እየተቀበለኝ ሲደረድር ዋለ። ትናንት ያለኝን ሌሊት ስንት ጊዜ ለራሴ እንዳልኩት አልጽፍም።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ወሰዱት። ወደ ማታ ወይንሸት ስልክ ደወለች። ውስጡ ያለው ቅመም ምንድን ነው ብለው ፈረንጆቹ ሲጠይቁኝ ዋሉ አለች። የቤቱ ምስጢር ነው አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ለእምሩ ነገርኩት፤ እሱም ሳቀ። እንደ ስልሳ ስድስት ሳቅን።

ነገ ዕቃውን ይሸክፋል።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሆን ብዬ ዘገየሁ። አውቶቡሱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው የሚነሣው። ሁለት ሰዓት ላይ ሱቅ ስደርስ በሩ ተከፍቷል። እምሩ ሽርጡን ታጥቆ የጾም ዳቦ እያቦካ ነው።

አባ መድኃኔ፣ የሁለታችንም የንስሐ አባት፣ ለዚያች ብስኩት እስከ ፋሲካ ድረስ በየጠዋቱ ጊዮርጊስ ደጀ ሰላም ስግደት አዘውብኛል አለ። ንስሐዬን ሳልጨርስ ከአባቴ ርቄ መሄድ አልችልም አለ። ለልጁ ስልክ ደውሏል።

ደስ ሊለኝ ሲል ጸጸቱ ቀደመው። ጉልበቱን ያመዋል። ልጁ በር በሩን እያየች ነው። ጦርነቱ ቢደርስ፣ እሱ እዚህ የቀረው በተደፈነው አፍንጫዬ ምክንያት ነው።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

ዛሬ ወደ ሥራ ስሄድ በጊዮርጊስ በኩል ዞርኩ። አየሁት። ሲሰግድ ሲነሣ እጁን ጉልበቱ ላይ ይደግፋል። ሳያየኝ ሄድኩ። ለአንድ ጉርሻ ይህን ያህል? አባ በእርጅናቸው ጨክነዋል።

ቦኖው ጋ ሴቶቹ፣ ያ ምድጃ ሠራተኛ አልሄደም አሉ ሲሉ ሰማሁ። ዞሬ፣ አዎ አልሄደም አልኳቸው። ከዚያ በላይ አልጨመርኩም፤ ግን ውኃውን ሳላፈስ ቤት ደረስኩ።

የካቲት 17፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አባ መድኃኔ ዘንድ ገባሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእምሩን ስግደት ግማሹን ለእኔ ያካፍሉኝ፣ እሱ ጉልበቱን ታሟል፣ እስከ ፋሲካ አይችለውም ብዬ ተማጸንኳቸው። እያለቀስኩ ነበር።

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «የሌላውን ንስሐ ለአንቺ ማውራት አልችልም ልጄ» አሉ። «የራሴን ልማድ ግን ልንገርሽ። ሰው ለሰው ጭንቅ ብሎ አንዲት ቁራሽ ቢቀምስ፣ እኔ ከሦስት ቀን ስግደት በላይ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።»

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ደጁ ላይ ቆምኩ። ሦስት ቀን። ረቡዕ ያየሁት ስግደት ከሦስቱ ቀን ያለፈ ነው።

የካቲት 18፣ ሰኞ

ሌላ ሰው ሳይመጣ ሱቅ ደረስኩ። እምሩ ዱቄት ይነፋ ነበር። ነጠላዬን ሳላወልቅ በጠረጴዛው ወዲህ ማዶ ቆምኩ።

አባ ዘንድ ሄጄ ነበር አልኩት። ወንፊቱን አቆመ፤ ቀና ግን አላለም።

«እሳቸው ሦስት ቀን ይበቃል አሉ» አልኩት።

ጆሮው ቀላ። በአርባ ስምንት ዓመቱ፣ ሽበቱ መሐል፣ ጆሮው ቀላ። «የአባ ሦስት ቀን ለእኔ አልበቃኝም» አለ። «ከፋሲካ በፊት አንድ ነገር ትይኝ እንደሆነ ልጠብቅ ብዬ ነው።»

ሰው ምን ይላል፣ ሰፈሩ ምን ይላል፣ የእኔ ነገር ዛሬ ለማንም አይበጅም፣ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋብኝ። እምሩን እወደዋለሁ፤ ይህን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ዛሬ ነው የጻፍኩት።

«ከፋሲካም በኋላ አትሂድ» አልኩት።

«እሺ» አለ።

ከዚህ ሌላ አልፈለግሁም። ወንፊቱን አንሥቶ ዱቄቱን መንፋት ቀጠለ። እኔም ነጠላዬን ሰቅዬ ለጾሙ ኬክ ከቅቡ የተረፈውን ስኳር በውኃ መበጥበጥ ጀመርኩ፤ እንባዬ እንዳይገባበት ሳህኑን ከፊቴ ራቅ አድርጌ ያዝኩት።